የቀረፋ አፕል በምን ይሠራ? ስሎው ኩከር፣ መጥበሻ፣ ኦቨን ወይስ ፕሬዠር ኩከር

ትኩስ የቀረፋ አፕል ለመሥራት የግድ ስሎው ኩከር (በመብራት ቀስ ብሎ የሚያበስል ባለ ክዳን ድስት) መግዛት አለብኝ ወይ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ የለባችሁም። ረጅሙ መልስ ግን በስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት እና ምን ዓይነት አፕል እንደምትወዱ ይለያያል። ካላችሁ ደግሞ ስሎው ኩከሩ ሁልጊዜ ትክክለኛው ምርጫ አይደለም።

ነገርዬው ራሱ ቀላል ነው። አፕል ይላጣል፣ ይከተፋል። ስኳር፣ ቀረፋ፣ ትንሽ ቅቤና የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበትና በራሱ ውሃ እስኪለሰልስ ይበስላል። አሜሪካ ውስጥ የአፕል ዋናው ወቅት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ስለሆነ ከዚያ እስከ ታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር መጨረሻ የሚውለው የምስጋና በዓል) በየቤቱ ይሠራል። ከአይስክሬም ጋር ይበላል፣ በአጃ ገንፎ ላይ ይደረጋል፣ ከፓንኬክ ጋር ይቀርባል፣ ለሥጋም ማባያ ይሆናል። ለእኛ ሰው ሽታው እንግዳ አይደለም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ከሻይ ጋር ሲፈላ ነው ያደግነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ዕቃ ከማማረጣችሁ በፊት የምትፈልጉትን ወስኑ። በሹካ የሚነሳ፣ ቅርጹን የያዘ ቁራጭ ነው? ወይስ ፈርሶ በማንኪያ የሚበላ? ሁለቱ በአንድ ዕቃ እኩል አይወጡም።

ቀጥሎ ጭማቂው አለ። አፕል ሲሞቅ ብዙ ውሃ ያወጣል። እንፋሎቱ የሚወጣበት ዕቃ ላይ ውሃው ይተንና ስኳሩ ይወፍራል። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ግን ውሃው መሄጃ የለውም፣ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ ጊዜ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ጊዜ ሌላ፣ እናንተ ምድጃ ሥር የምትቆሙበት ጊዜ ሌላ። ስሎው ኩከር ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ልጣችሁ ከትፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁ ነፃ ነው። መጥበሻ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሩብ ሰዓቱን ሙሉ ግን እዚያው ናችሁ።

የሚበላው ሰው ብዛትና ወጪው ይቀራል። ወጪ ስል የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም፣ የመብራቱንም ጭምር ነው።

ከዕቃው በፊት አፕሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዕቃው ምርጫ የሚያመጣው ለውጥ የአፕሉ ምርጫ ከሚያመጣው ያንሳል። ጥሩ ማብሰያ ይዛችሁ የሚፈርስ አፕል ከገዛችሁ የምታገኙት ለሕፃን የሚሰጥ ፍጭ ነው።

ግራኒ ስሚዝ፣ ያ አረንጓዴው ጎምዛዛው፣ ለዚህ ሥራ ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 አካባቢ አውስትራሊያ ውስጥ ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ ሴት ግቢ የበቀለ ዘር ነው ይባላል። ጎምዛዛነቱ ስኳሩን ያመጣጥነዋል። ሙቀትንም ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል፦ የአፕሉን ሥጋ አያይዞ የሚያቆመው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፣ አሲድ ባለበት ደግሞ ፔክቲን ቶሎ አይፈርስም። ሎሚ የምንጨምረውም ለጣዕምና ለመልኩ ብቻ ሳይሆን ለዚሁ ጭምር ነው።

ሃኒክሪስፕ ጥሩ ነው፣ ቅርጹንም ይይዛል። ግን ውድ ነው። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ለገበያ ያወጣው ሲነከስ ለሚሰማው ድምፅና ለጭማቂው ነበር፤ ሲበስል ያ ሁሉ ይጠፋል። እኔ ጥሬውን እበላዋለሁ እንጂ ድስት ውስጥ አልከተውም። ብሬበርንና ፒንክ ሌዲ ቅርጽ ይይዛሉ። ጋላና ፉጂ ጣፋጭ ናቸው፣ ይለሰልሳሉ፣ ግን ጎምዛዛ ስላልሆኑ ብቻቸውን ሲሆኑ ጣዕሙ ስኳር ብቻ ይሆንባችኋል። ጎልደን ዴሊሸስ ቅቤ የመሰለ ልስላሴ አለው፣ በረጅም ሰዓት ግን ይፈርሳል። ማኪንቶሽ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ለሶስ ከሆነ ግሩም ነው። ቀዩን ሬድ ዴሊሸስ ተዉት፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲበስል ግን ጣዕም አልባ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ይሆናል።

አንድ ዓይነት ብቻ አትግዙ። ሁለት እጅ ግራኒ ስሚዝ፣ አንድ እጅ ጋላ ወይም ጎልደን ዴሊሸስ ቀላቅሉ። ጎምዛዛው ቁራጭ ሆኖ ይቆማል፣ ጣፋጩ ትንሽ ይፈርስና ጭማቂውን ያወፍራል።

አገር ቤት ላላችሁ፦ የጨንቻ አፕል ካገኛችሁ እሱን ያዙ። የጋሞ ደጋ ብርድ ለአፕል ዛፍ ይስማማዋል። ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፣ አንዱን ቆርሳችሁ ቅመሱ። ጠንካራና ጎምዘዝ ያለ ከሆነ ይሆናል። ከተጫናችሁት የሚሰረጉድ ከሆነ ለጭማቂ አድርጉት።

ስሎው ኩከር

የዚህን ዕቃ ጠባይ ለማወቅ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ይበቃል። የፈለሰፈው ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነው፣ የፈጠራ መብቱን በ1940 አገኘ። መነሻው ሊትዌኒያ ውስጥ ለሰንበት ይሠራ የነበረው ቾለንት የሚባል ወጥ ነው፤ በሰንበት እሳት ስለማይነድ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ውስጥ ይከቱትና እዚያው ያድራል። በ1971 ሪቫል የተባለው ኩባንያ ክሮክ ፖት ብሎ ገበያ አወጣው። እንግዲህ ዕቃው የታሰበው ለባቄላና ለጠንካራ ሥጋ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚበስል ነገር። አፕል ያን ያህል ሰዓት አይፈልግም። ስሎው ኩከር ውስጥ አፕል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደ ሥጋ ጠዋት ተጥዶ ማታ ይከፈታል። ስምንት ሰዓት የቆየ አፕል ሶስ ነው፣ በቃ።

ለ8 ወይም 10 መካከለኛ አፕል ሎው (ዝቅተኛው ማዞሪያ) ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሃይ (ከፍተኛው) ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ሎውና ሃይ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተለያየ የሙቀት ጣሪያ የላቸውም። ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም በመጨረሻ ወደ መፍላት የተጠጋ ሙቀት ይደርሳሉ፣ ሃይ ቶሎ ይደርሳል እንጂ። ለአፕል ሎው ይሻላል፤ ከበሰለ ወደ ፈረሰ የሚሄድበት ጊዜ ሰፋ ይላል፣ ትንሽ ብትዘነጉትም ይምራችኋል።

ልክ፦ 8 አፕል (1.4 ኪሎ ገደማ)፣ ሲሶ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ወይም 2 እንጨት፣ ቁንጥር ጨው። ውፍረቱ የትንሿ ጣት ያህል ይሁን። ከዚያ የሳሳ ይፈርሳል፣ የወፈረ ደግሞ ዳሩ በስሎ መሃሉ ይጠነክራል።

ውሃ አትጨምሩ። ገና ሲጀመር ደረቅ ስለሚመስል እጅ ወደ ውሃ ይሄዳል፣ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ክዳኑን በመስታወቱ በኩል እዩት፤ ውስጡ በጠብታ ተሞልቶ፣ ጠብታው እየወፈረ እየወፈረ መልሶ አፕሉ ላይ ሲንጠባጠብ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ውሃ ከአፕሉ የወጣ ነው። ክዳኑን ግን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ እስኪመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጨመርባችኋል።

የስሎው ኩከር ትልቁ ድክመት ይኸው ነው፦ ጭማቂው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች) በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሃይ ላይ አድርጎ መጨመር ነው። ስታርች ካልወደዳችሁ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት በክዳኑና በድስቱ መሃል የእንጨት ማንኪያ አጋድሙ፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ወይ ጭማቂውን ብቻ ወደ ትንሽ ድስት ገልብጣችሁ ምድጃ ላይ አምስት ደቂቃ አፍሉት። እኔ የምወደው ይሄንን ነው፣ ዕቃ ማጠብ ቢያበዛም።

ቀረፋውም ላይ አንድ ነገር አለ። የተፈጨ ቀረፋ ብዙ ፈሳሽ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ውሃ ይጠጣና እንደ ተልባ ያዝለገልጋል፤ ማንኪያውን ስታነሱ ቡናማ ዝልግልግ ክር ይከተላል። ጉዳት የለውም ግን ለዓይን አይማርክም። እንጨቱን ከመጀመሪያው ጨምራችሁ የተፈጨውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ መጨረሻ ላይ ብትነሰንሱ መዓዛውም ይበረታል፣ ዝልግልጉም ይቀራል። ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ሄል ትንሽ ብትጨምሩ አትጸጸቱም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ምድጃውን አይዝባችሁም። ታንክስጊቪንግ ቀን ኦቨኑን ተርኪው ይዞት፣ አንዱ ምድጃ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ሌላው ላይ አልጫ ተጥዶ ባለበት ቤት ጥግ ላይ በራሱ የሚሠራ ዕቃ ወርቅ ነው። ሁለተኛ፣ ዋርም የሚለው (ሙቀት መጠበቂያው) ላይ አድርጋችሁት እንግዳ እየመጣ እየቀዳ ሁለት ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። መጥበሻ ይሄንን እንዲህ አያደርገውም።

መጥበሻ ወይም ድስት

ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ከሆነ ሌላውን ሁሉ እርሱት። ሰፊ መጥበሻ፣ ቅቤ፣ አራት አፕል። መካከለኛ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ እያገላበጣችሁ፣ ስኳርና ቀረፋ ጨምራችሁ ሌላ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ። ውሃው ስለሚተን ሽሮፑ በራሱ ይወፍራል፣ የአፕሉ ጠርዝም ትንሽ ይጠበሳል። ስሎው ኩከር የማይሰጠው ጣዕም ነው።

ጉድለቱ ብዛት ላይ ነው። ስምንት አፕል አንድ መጥበሻ ላይ ከደረደራችሁ መጠበሱ ቀርቶ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ የታችኛው ሲፈርስ የላይኛው ጥሬ ነው። ስኳሩን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ደግሞ ያርራል።

መብራቱንም ላስላው፣ ብዙ ሰው ስሎው ኩከር ቆጣቢ ነው ስለሚል። 250 ዋት የሚወስድ ስሎው ኩከር በሦስት ሰዓት ቢበዛ 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 1200 ዋት የሆነ ምድጃ በ15 ደቂቃ 0.3 ነው። ለሥጋ ወጥ ቁጠባው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአፕል ግን መጥበሻው ያንሳል።

ኦቨን

180 ዲግሪ ሴልሺየስ (በአሜሪካው 350 ፋራናይት)፣ የተከተፈ ከሆነ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ። ግማሹን ጊዜ በፎይል ሸፍኑት፣ ከዚያ ክፈቱት። ላዩ ይቀላል፣ ሽሮፑ ይወፍራል፣ ቤቱም ይሸታል። በጣዕም ብቻ ከሆነ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሌላውም ሁሉ የማይችለውን ይችላል፦ አፕሉን ሳትከትፉ መሃሉን ቦርቡራችሁ ቅቤ፣ ስኳርና ቀረፋ ሞልታችሁ ሙሉውን መጋገር።

ግን ለአራት አፕል ኦቨን ማሞቅ ብክነት ነው። ሌላ የሚጋገር ነገር ካለ አብራችሁ ክተቱ፣ ያኔ ያዋጣል።

ፕሬዠር ኩከር

ኢንስታንት ፖት (በመብራት የሚሠራ ፕሬዠር ኩከር) ያላችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ለተከተፈ አፕል አይመረጥም። የሚበስለው በአንድ ደቂቃ ግፊት ነው፣ እስኪሞቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በአንድና በሦስት ደቂቃ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በቁራጭና በሶስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከፍታችሁ ማየት አትችሉም። ግፊት ለመፍጠር ፈሳሽ ስለሚፈልግም ጭማቂው ይበዛል፣ ፈሳሹን ብትቀንሱ ስኳሩ ሥሩ ላይ ይይዝና ማስጠንቀቂያው ይጮሃል።

አፕል ሶስ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ተወዳዳሪ የለውም። ስምንት አፕል፣ ግማሽ ወይም አንድ ኩባያ ውሃ፣ ቀረፋ፣ አምስት ደቂቃ ግፊት፣ ከዚያ በማንኪያ መፍጨት። አለቀ።

ማይክሮዌቭ

ለአንድ ሰው። አንድ አፕል ከትፉ፣ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቅቤ፣ ቀረፋ፣ ሸፈን አድርጋችሁ ሦስት ደቂቃ። ጠዋት አጃ ላይ ለማድረግ ሌላ አያስፈልግም።

በሠንጠረዥ

| ማብሰያ | ጠቅላላ ጊዜ | እጅ የሚይዝበት ጊዜ | የአፕሉ ቅርጽ | ጭማቂው | ለስንት ሰው |
|---|---|---|---|---|---|
| ስሎው ኩከር | ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል | መላጥና መክተፍ ብቻ | ለስላሳ፣ በሰዓቱ ከወጣ ይቆማል | ቀጭን፣ ማወፈሪያ ይፈልጋል | ከ6 እስከ 12 |
| መጥበሻ | 15 ደቂቃ | ሙሉውን | ቁራጭ፣ ጠርዙ የተጠበሰ | ወፍራም | ከ2 እስከ 4 |
| ኦቨን | ከ35 እስከ 60 ደቂቃ | ጥቂት | ቁራጭ ወይም ሙሉ | ወፍራም፣ የቀላ | ከ4 እስከ 10 |
| ፕሬዠር ኩከር | ከ15 እስከ 25 ደቂቃ | ጥቂት | ይፈርሳል | ብዙ | ሶስ ለሚፈልግ |
| ማይክሮዌቭ | ከ3 እስከ 4 ደቂቃ | ጥቂት | ለስላሳ | መካከለኛ | 1 |

ለማን የቱ?

ድግስ ካለባችሁ ወይም ለቤተክርስቲያን፣ ለማኅበር ይዛችሁ የምትሄዱት ከሆነ ስሎው ኩከር። ለዚህ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ተራውን፣ ሎው፣ ሃይ፣ ዋርም የሚል ማዞሪያ ብቻ ያለውን ግዙ፤ ለአፕል ስክሪንና ፕሮግራም ትርፍ ነው። በራሱ ወደ ዋርም የሚዞር ሰዓት ያለው ግን ለምትዘነጉ ሰዎች ተጨማሪውን ብር ያወጣል። በመጠን ለቤተሰብ 4 ኳርት (አንዱ ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው) ይበቃል፣ ለድግስ 6። ትልቅ ገዝታችሁ ሦስት አፕል ብትከቱበት ሥሩ ላይ ተበትኖ ዳር ዳሩ ያርራል፤ ቢያንስ እስከ ግማሹ መሙላት አለበት።

ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ፣ ቤታችሁ ያለው መጥበሻ ይበቃችኋል። የተረፈውን ብር ጥሩ አፕልና ጥሩ ቀረፋ ላይ አውሉት።

ቀረፋ ካልኩ አይቀር፦ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ዓይነቱ ሳይጻፍበት የሚሸጠው በአብዛኛው ካሲያ የሚባለው ነው፣ ጠንከር ያለ፣ የሚያቃጥል። ሲሎን ቀረፋ ለስለስ ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እንጨቱን አይታችሁ ትለያላችሁ፤ ካሲያው ወፍራም አንድ ጥቅል ነው፣ ሲሎኑ ብዙ ስስ ቅርፊት ተደራርቦ በጣት የሚፈረፈር። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል፣ ሲበዛ ጉበት የሚጎዳ ነገር አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የዕለት ወሰን በኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው። በዓመት በዓል ለሚበላ ሰው ጉዳይ አይደለም። በየጠዋቱ በማንኪያ ለሚነሰንስ፣ በተለይ ለትንንሽ ልጆች፣ ሲሎኑ ይሻላል።

ለጾም ቅቤውን በኮኮናት ዘይት ተኩት ወይም ጭራሽ ተዉት፤ በተለይ ስሎው ኩከር ላይ አፕሉ በራሱ ጭማቂ ስለሚበስል ብዙም አይጎድልበትም። በፍስኩ ደግሞ እባካችሁ ንጥር ቅቤ አትጨምሩ። ኮሰረቱና በሶብላው ከአፕል ጋር አይስማሙም። ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ነው የሚሆነው።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ

ከአሜሪካ ዘመድ ስሎው ኩከር ይዞ ሲመጣ ደስታው ሶኬቱ ጋ ያበቃል። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ መስመር 220 ነው። የሶኬት መለወጫ ብቻ ገዝታችሁ ከሰካችሁት ይቃጠላል። መለወጫው የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ከዕቃው ዋት በላይ የሚችል፤ ዋጋውን ስትደምሩት ሌላ መግዛት ሊሻል ይችላል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም። የዱባዩ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው ለሱ መለወጫ ይበቃዋል። ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ።

ከፍታውም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ለስሎው ኩከር ከላይ ባልኩት ሰዓት ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጨምሩ። በሹካ ውጉት፤ ሳይታገል ከገባና ቁራጩ ሳይሰነጠቅ ከተነሳ ደርሷል።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ አትጠብቁት። ወደ ድስት ገልብጡና ጋዝ ወይም ከሰል ላይ ጨርሱት። የስሎው ኩከሩን የውስጥ የሸክላ ድስት ራሱን ግን እሳት ላይ አትጣዱ፣ ይሰነጠቃል። ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከፍሪጅ የወጣውን ቀጥታ ሙቀት ላይ ማድረግም እንደዚያው ነው። የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ለማሞቅ መጥበሻ ይሻላል፣ የቀጠነው ጭማቂም በዚያው ይወፍራል።